ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፍለጋ በፍራንክፈርት

ከናዝሬት በወጣሁበት ምሽት ወንድሜ ዳኒ እንደ ሰው ወንድም አላለቀሰልኝም። እኔ ጋሪው ላይ ተቀምጬ፣ ሻንጣዬን በእግሬ አጣብቄ፣ ሳጥኗን ጭኔ ላይ አቅፌያለሁ። እሱ ከጋሪው ጎን እየሮጠ ይጮህብኛል።

"ከላይዋ ምንም እንዳትጭኚባት! ድንጋዮቹን ፀሐይ ስታገኚ አስጪያቸው! ሽቦዋን እንዳትጎትቺ!"

ባለጋሪው አባ ገመቹ ታዘቡት። "አንተ ልጅ፣ የምትሄደው እህትህ ናት ወይስ ሳጥኑ?"

"ሁለቱም፣ አባባ።"

"ታዲያ ለአንዷ እንኳ አልቅስ እንጂ!"

ዋናው መንገድ ጋ ስንደርስ ቆመ። ከዚያ ወዲያ መምጣት አይችልም። የአዲስ አበባው መንገድ ኬላ አለበት፣ ኬላው ላይ ደግሞ የእሱን ዕድሜ ልጅ የሚወዱ ሰዎች አሉ። ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝግቦ ተራውን የሚጠብቅ ነው። ለእኔ፣ ፍራንክፈርት ያለችው አክስቴ ማርታ "እንደ ልጄ ላሳድጋት" ብላ ወረቀት ስለላከች፣ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ መውጫ ተፈቀደልኝ። ለእሱ አልተፈቀደም። እማዬ ከቤት አልወጣችም፤ "ለቅሶዬን ጎረቤት አያይም" ብላ ግንባሬን ስማ በሯን ዘጋች።

አባ ገመቹ ፈረሱን ቸብ አደረጉና "ነጋን ገሊ በላት እንጂ!" አሉት።

"ነጋን ገሊ፣ ሐኑ" አለ ዳኒ፤ በሰላም ግቢ ማለቱ ነው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አንድ ቀን እስከ ጥግ አዙረን እንሰማታለን" አለኝ።

እስከ ጥግ አዙረን እንሰማታለን ያላት ሳጥኗን ነው። እንግዲህ ላስተዋውቃችሁ። ስሟ ጥንዚዛ ነው። ዳኒ ገበያው አጠገብ ከአንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ይሠራ ስለነበር፣ የሞቱ ሬዲዮዎችን ሆድ ዕቃ እየለቀመ በሻይ ሳጥን ውስጥ በየዳቸው፣ እኔ ደግሞ ከዘይት ቆርቆሮ አምስት ምላሶች ቆረጥኩለት፤ ጠባሳው እስከ ዛሬ አውራ ጣቴ ላይ አለ። ምላሶቹን በሽቦ ጫፍ ስትነኳቸው ትጮኻለች። ሁለት ማዞሪያዎች አሏት፤ አንዱ ድምፅ ይጨምራል ይቀንሳል፣ ሌላው ድምፁን ያንቀጠቅጣል። በግራ እጅ ማዞሪያውን እያባበሉ በቀኝ እጅ ቆርቆሮውን ሲነኩ፣ አልቅሶ ገና ዝም ያለ ሰው ሲናገር የሚመስል ድምፅ ታወጣለች።

ለምን እንደተሠራች የምነግራችሁ ይህ ጽሑፍ በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ ስለሚመጣ ነው። አንብባችሁ ለታመነ ሰው አሳልፉት። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ በኋላ ኦርጋናችን ለቀበሌው ኪነት ቡድን ተወሰደ። እኛ ጴንጤዎቹ በየቤቱ በር ቆልፈን፣ መጋረጃ ጥለን፣ በሹክሹክታ መዘመር ያዝን። በሹክሹክታ ዘምራችሁ ታውቃላችሁ? ቤት ሙሉ ሰው በትንፋሽ ብቻ ሲዘምር ሽሮ ሲንተከተክ ነው የሚመስለው። ዜማው ይጠፋል፤ አንዱ ወደ ደራ ሲሄድ ሌላው ወደ ሶደሬ ይሄዳል። ጥንዚዛ የተሠራችው ዜማውን ይዛ ሁላችንንም በአንድ መንገድ እንድትነዳ ነው። ቃል የላትም። ጎረቤት ቢሰማ "ሬዲዮ ተበላሸባቸው" ይላል እንጂ፣ ቃል በሌለው ዜማ ማን ይከሰሳል?

ያም ሆኖ ዳኒ ፈሪ ነው። ከጎረቤታችን ከሰናይት ኩቴክስ ለምኖ የድምፁ ማዞሪያ ዳር ቀይ ነጥብ አደረገ። ከነጥቡ ካለፈ መንገድ ላይ ይሰማል ማለት ነው። ስለዚህ ጥንዚዛ ከተወለደች ጀምሮ ከቀዩ ነጥብ አልፋ አታውቅም። የሠራናት እኛ፣ ሙሉ ድምፅዋን አንድ ቀን እንኳ ሰምተነው አናውቅም!

ድንጋዮቿም እንደኛው ናቸው፤ ከሰው ሬዲዮ ደክመው የተባረሩ። ሲሰንፉብን የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እናሰጣቸዋለን። የናዝሬትን ፀሐይ ታውቁት የለ? ቋንጣ ያደርቃል፣ በርበሬ ያደርቃል፣ የሞተ ድንጋይ ደግሞ ያስነሳል። ዳኒ ጥንዚዛን የቃኛት በእነዚህ ሞተው በተነሱ ድንጋዮች ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ መከራዬ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

ቦሌ ላይ ፈታሹ ሳጥኗን እንዳየ ፊቱ ተለወጠ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የሙዚቃ መሣሪያ ነው፣ ጋሼ።"

"ክራር አላውቅም እንዴ እኔ? ይሄ መገናኛ ሬዲዮ ነው።"

"ኧረ ይጫወታል!"

"ይጫወታል? አጫውቺዋ።"

እንግዲህ እጄ የሚያውቀው መዝሙር ብቻ ነው፤ መዝሙር ደግሞ እዚያ አይነካም። ትዝ ያለኝ የቀበሌው ኪነት ቅዳሜ ቅዳሜ በማይክሮፎን የሚያደነቁረን ሰልፍ ነው። እሱኑ መታሁት። ፈታሹ ሳይታወቀው እግሩ መሬቱን ደበደበ፤ ሲታወቀው ተናደደ።

"ጠርሙስ ውስጥ የገባች ንብ ናት" አለው ለጓደኛው።

"ትለፍ ወይስ ትቅር?" አለ ጓደኛው።

"ሳጥኑ ይለፍ። ድንጋዩ ይቀራል።"

"ጋሼ፣ ያለ ድንጋይ አትሠራም እኮ!"

"ለዚያ አይደል እንዴ የማስቀረው?"

ድንጋዮቹን አወጣና ጠረጴዛው ሥር ያለ የራሱ ሬዲዮ ውስጥ ከተታቸው። ሬዲዮው አንዴ አቃስቶ ዝም አለ። አሁን በማን ይናደዳል? በእኔ! "ያለቀ ድንጋይ ይዘሽ ነው እንዴ ውጭ አገር የምትሄጂው? አታሳፍሪም?" ብሎ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወራቸው። ያን ሁሉ ጣሪያ ላይ ያሰጣኋቸው፣ ዝናብ ሲመጣ ከልብሴ አስቀድሜ ያስገባኋቸው ድንጋዮች!

ፍራንክፈርት ሁሉም ነገር አለ፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ግቢያችን ወፍ ጎርጉሮ የሚጥለው ፓፓያ እዚህ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ በውድ ይሸጣል፤ ሲቀምሱት ውሃ። ሶደሬ ፍል ውሃው ከመሬት ተንተክትኮ ይወጣል፤ እዚህ ሙቀት በቧንቧ ታሽጎ ይመጣል፣ አክስቴም በወሩ መጨረሻ ትነጫነጫለች። ዝናቡ እንኳ እንደ ሌባ ነው። የኛ ዝናብ አቧራ አስነስቶ፣ ቆርቆሮ ደብድቦ፣ "መጣሁ" ብሎ ነው የሚመጣው። የዚህኛው ከመቼ ጀምሮ እየዘነበ እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ሰላምታውንማ ተዉት። ደረጃ ላይ "እንዴት አደሩ፣ ልጆቹስ፣ ጤናዎ እንዴት ነው?" ልል ገና "እንዴት" ስል ሰውዬው ገብቶ በሩን ዘግቷል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሄር ኩንትስ ነው። ሃውስማይስተራችን ነው። ሃውስማይስተር ማለት የሕንፃው ዘበኛም፣ ቧንቧ ጠጋኝም፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም፣ ሁሉንም በአንድ ሱሪ የሚሆን ሰው ነው። በመጣሁ በማግስቱ ሃውስኦርድኑንግ የሚባለውን የቤቱን ሕግ ይዞ በሩን አንኳኳ። ከምሳ በኋላ ድምፅ የለም። ማታ ድምፅ የለም። እሑድ ቀኑን ሙሉ ድምፅ የለም።

"መቼ ነው ታዲያ ድምፅ የሚኖረው?" ብዬ በአክስቴ በኩል ጠየቅኩት።

አሰበበት። "አስፈላጊ ሲሆን" አለ።

ጌታ ሆይ፣ ከሹክሹክታ ሸሽቼ ወደ ሹክሹክታ!

አክስቴ አዲስ ድንጋዮች ገዛችልኝ፣ ከነወረቀታቸው የሚያብረቀርቁ። ደስ ብሎኝ ከተትኳቸው፣ ሽቦውን አነሳሁ፣ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ነካሁ። ጥንዚዛ ጅራቷ እንደተረገጠ ድመት ጮኸች። ሁለተኛውን ነካሁ፣ ባሰ። አምስቱም እኩል ወደ ላይ ቢወጡ ግድ አልነበረኝም፤ ግን አንዱ በጣም፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጨርሶ ሌላ ሰፈር። አክስቴ ጆሮዋን ይዛ "ይሄን ነው እንዴ ስታመሰግኑበት የነበረው?" አለችኝ።

ያኔ ገባኝ። ጥንዚዛ የተቃኘችው ለድካም ነው። ጠግባ አታውቅም፤ ስትጠግብ ታብዳለች። ቅኝቷ በብየዳ የታሰረ ነው፤ የሚፈታው ዳኒ፣ ዳኒ ደግሞ ናዝሬት።

በዚህ መሃል ከናዝሬት የመጣ ሰው መልእክት አደረሰኝ። ዳኒ ተጠርቷል። ወደ ማሠልጠኛ ከመሄዱ በፊት ባለው እሑድ፣ የሰናይት አባት ለስብሰባ ሲወጡ፣ እነሰናይት ቤት ስልኩ አጠገብ ይጠብቃል። መልእክተኛው ቃል በቃል የነገረኝ ይህን ነው፦ "ሌላ ወሬ አልፈልግም በላት። ጥንዚዛን ታሰማኝ።"

እሑድ! ድምፅ በሌለበት ቀን! አሁን ደግሞ ድምፅዋ የጠፋ ሳጥን ይዤ!

ትምህርት ቤት የሙዚቃ አስተማሪያችን ፍራው ሊንደ ደግ ሴት ናት፤ እውነቱን ልናገር። ችግሬን ሰምታ "ቀላል ነው" አለችና ኮምፒዩተር ፊት አስቀመጠችኝ። ዜማውን አንጎራጎርኩላት፣ እሷ ነጥቦቹን ስክሪኑ ላይ ደረደረች፣ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ዜማው ወጣ። ልክ ነው! አንድም አልተሳሳተም። አጥንቱ ተቆጥሮ ግን ትንፋሽ አጣሁበት።

"ምን ጎደለው?" አለችኝ።

"እጄ።"

"እጅሽ?"

"እጄ ሥራ ፈታ፣ ፍራው ሊንደ። እኔ እዚህ ተቀምጬ እየሰማሁ ነው። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ማንቀጥቀጫውን ትንሽ ጎተት አደርጋለሁ፤ ሰዎች ትንፋሻቸውን የሚወስዱት እዚያ ላይ ነው። ይሄ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ይሄዳል።"

"መጠበቂያውንም ልንጽፍበት እንችላለን" አለች።

"ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይደለማ! አሮጊቶቹ ሲኖሩ ይረዝማል።"

ሳቀች፤ ግን ሳቋ የንቀት አልነበረም። "እንግዲያው ሳጥንሽን አድኛት" አለችኝ።

ወደ ሱቅ ሄድኩ።

"ድንጋይ ፈልጌ ነበር።"

"ምን ዓይነት?" አለ ሻጩ።

"ያለቀ።"

"ላለቀብሽ የሚተካ?"

"አይ፣ ያለቀውን ራሱን። ግን ጨርሶ ያልሞተ።"

ሻጩ የማልሰማ መስሎት ድምፁን ከፍ አደረገ። "እኛ አዲስ ነው የምንሸጠው!"

"አዲስ ለእኔ ጥሩ አይደለም።"

"የኛ ድንጋይ ረጅም ጊዜ ነው የሚቆየው፣ ዋስትና አለው!"

"እሱ ነው እኮ ችግሩ!"

አለቃውን ጠራ። አለቃው መጥቶ ያንኑ ነገረኝ፣ ከዚያ በሩን አሳየኝ። አገሬ ላይ አዲስ ድንጋይ ፈልጌ አጣሁ፤ እዚህ ያለቀ ፈልጌ ተባረርኩ።

ትምህርት ቤታችን ያለቁ ድንጋዮች የሚጣሉበት ዕቃ አለ። እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ ዘገንኩ። እነዚያ ግን የደከሙ ሳይሆኑ የተቀበሩ ናቸው፤ ጥንዚዛ እስትንፋስ እንኳ አላወጣችም። ምን ላድርግ? የናዝሬት ልጅ ነኝ፣ የሞተ ድንጋይ ፀሐይ እንደሚያስነሳው አውቃለሁ። ፀሐይ የለም። የሚሞቅ ነገር ያለው ያ ሃይትሱንግ የሚሉት የግድግዳ ብረት ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ከፈትኩትና ድንጋዮቹን ደርድሬበት ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ስመለስ አክስቴ መጋረጃዋን ይዛ ቆማለች። ድንጋዮቹ ሆዳቸው ተቀዶ ቡናማ ንፍጥ አንፍጠዋል፤ መጋረጃው፣ ግድግዳው፣ ምንጣፉ። ሄር ኩንትስም ሽታው እስከ ታች ወርዶለት መጥቷል።

"ናዝሬት መሰለሽ?" ትላለች አክስቴ። "የገዛ መጋረጃዬን? ደመወዝ ጠብቄ የገዛሁትን?"

"ፍሮይላይን" ይላል ሄር ኩንትስ፤ ወይዘሪት ማለቱ ነው፤ "እነዚህ ለምን ሃይትሱንግ ላይ ተቀመጡ?"

"እንዲነሱ ነው።"

"ከምን?"

"ከሞት።"

አክስቴን አያት። አክስቴ "እኔን አይዩኝ" አለችው፣ በአማርኛ።

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከብረቱ በስተጀርባ ያለውን ጉዳት ለማየት ከኪሱ ባትሪውን አውጥቶ አበራ። ብርሃኑ ቢጫ ነበር። ያረጀ፣ የደከመ፣ እንደ ቅቤ የፈዘዘ ቢጫ!

"ሄር ኩንትስ! የባትሪዎ ድንጋይ ደክሟል!"

"አውቃለሁ። ነገ እቀይራለሁ።"

"አሁን ይቀይሩ! ይኸው አዲስ አለኝ፤ አሮጌዎቹን ይስጡኝ!"

"አሮጌ ድንጋይ ምድር ቤት ባለው ዕቃ ውስጥ ነው የሚጣለው። ሕጉ ነው።"

"እኔ እጥልልዎታለሁ።"

"መቼ?"

"ጨርሰው ሲሞቱ!"

አዲሶቹን ድንጋዮች አገላብጦ አየ፣ እኔን አየ፣ አእምሮዬን የተጠራጠረ ይመስለኛል። ግን ማን አዲስ በአሮጌ አይለውጥም? ሰጠኝ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ጣቱን ቀስሮ "እሑድ ግን ድምፅ የለም" አለ።

እሱ እንደወጣ ሽቦውን አነሳሁ። አንደኛዋ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ... ጥንዚዛ ከቦሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ራሷ ተነፈሰች። አክስቴ የተበላሸውን መጋረጃ እንደያዘች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አልተቆጣችም።

እሑድ ደረሰ። አክስቴ ደወለች፣ አልገባም። ደወለች፣ ተያዘ። ደወለች፣ ሌላ ሰው ቤት ገባ፤ እነሱም ስለ ጤናችን ጠየቁን። በመጨረሻ ሰናይት አነሳች፣ ከዚያም ዳኒ።

"ሐኑ!"

"ዳኒ! እማዬስ?"

"አጠገቤ ናት። አልናገርም ብላ ነጠላዋን ነክሳለች። ብርድ አለ ወይ በላት ትላለች።"

"አለ በላት። ምግብ ትበላለህ? መቼ ነው የምት..."

"ወሬ አልፈልግም አላልኩም?" አለ ቶሎ ብሎ። ስልክ ላይ ጆሮ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። "በይ አሰሚኝ።"

መነጋገሪያውን ወለሉ ላይ ከጥንዚዛ አፍ ፊት አስተኛሁትና ማዞሪያውን ቀዩ ነጥብ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደ ጉንዳን የቀጠነ ድምፅ ከወለሉ መጣ።

"አይሰማም!"

ጎንበስ ብዬ፣ "ነጥቡ ላይ ነኝ!"

"ነጥቡን እለፊዋ!"

"እሑድ ነው! ሄር ኩንትስ ይመጣል!"

"ማን ነው እሱ?"

"የዚህ ቀበሌ!"

"እዚያም አለ?" አለኝ። ከዚያ፣ "ሐኑ፣ ነገ ነው የምሄደው።"

አዞርኩት። ቀዩን ነጥብ አልፌ፣ ግማሹን አልፌ፣ እንቢ እስኪለኝ ድረስ አዞርኩት። እናንተ! ጥንዚዛ እንዲህ ያለ ደረት እንዳላት ማን ያውቅ ነበር? ወለሉ ተንቀጠቀጠ፣ አክስቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ብርጭቆዎች ተንጫጩ፣ ከላይ ያሉት በመጥረጊያ እንጨት መምታት ጀመሩ፣ በሩ ተንኳኳ። ከውጭ "ፍሮይላይን! ዛሬ እሑድ ነው! ፍሮይላይን!" ይላል። አክስቴ ተነሥታ ጀርባዋን በሩ ላይ አስደገፈችና እጇን አጣጥፋ ቆመች። እኔ እያለቀስኩና እየሳቅኩ፣ ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ ለአሮጊቶቹ ጎተት እያደረግኩ፣ እስከ መጨረሻው መታሁት።

መነጋገሪያውን አንሥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ዳኒ አይናገርም። ሌላ ነገር ግን ይሰማኛል። መጀመሪያ የመስመሩ ድምፅ መሰለኝ። ሽሮ ሲንተከተክ።

ቤቱ ሙሉ ነበሩ! እነሰናይት ሳሎን ውስጥ ሁሉም ተሰብስበው፣ በትንፋሽ፣ እኔ ከጨረስኩ በኋላም የቀረችውን ስንኝ እየጨረሱ ነበር። አንዱም ወደ ደራ፣ አንዱም ወደ ሶደሬ አልሄደም።

"ሐኑ" አለ ዳኒ በመጨረሻ። "ሦስተኛዋ ትንሽ ወርዳለች።"

"አንተ ልጅ! ሌላ የምትለኝ የለህም?"

"ድንጋዮቹን ፀሐይ አስጪያቸው።"

"የት ፀሐይ አለና ነው የማሰ..."

መስመሩ ተቋረጠ። ስንደውል ተያዘ፣ ስንደውል አልገባም፣ ስንደውል ማንም አያነሳም። ከዚያ ወዲህ የዳኒን ወሬ አልሰማሁም። እማዬም አልሰማችም። ከእናንተ የሰማ ካለ፣ ይህን ባመጣላችሁ ሰው በኩል ላኩብኝ።

የሄር ኩንትስ ድንጋዮች አሁን እየደከሙ ነው፤ አራተኛዋም መውረድ ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ከትምህርት ቤት በፊት መስኮቱ ጠርዝ ላይ አሰልፌ አወጣቸዋለሁ። ሄር ኩንትስ ግቢውን እየጠረገ አንገቱን ቀና ያደርጋል።

"ፍሮይላይን፣ እነዚያ እዚያ ምን ያደርጋሉ?"

"ፀሐይ እየሞቁ ነው።"

ሰማዩን ያያል። ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ነው።

"የምን ፀሐይ?" ይለኛል።

"ታዲያ እኔ ምን ላድርግ፣ ሄር ኩንትስ?" እለዋለሁ። "አስጪያቸው ተብያለሁ!"